ደንበኞቼን ሸሪክ ላድርጋቸው ወይ? ለአንዲት የባልትና ነጋዴ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «አዲስ አበባ ውስጥ የባልትና ሥራ አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። በቴሌግራም የሚያዙኝ ቋሚ ደንበኞች አሉኝ። ሰሞኑን ከመካከላቸው የተወሰኑት ገንዘብ አዋጥተን የራስሽን ወፍጮ እንትከል፣ እኛም ሸሪክ እንሁን አሉኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ባለቤቴ ግን ደንበኛ ከደጅ ሲሆን ነው የሚያምረው፣ ጓዳ ከገባ ጣጣው አያልቅም ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር። ደንበኞችዎን ወደ ሥራው ያስገቧቸው። ገንዘባቸውን ግን ለጊዜው አይቀበሉ።

ባለቤትዎ የሚሉት እውነትነት አለው። የምለይበት ነገር ቢኖር ጓዳ መግባትን ሁሉ አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። አንዲት ደንበኛ በርበሬው ሲቀነጠስ ቆማ ብታይ አንድ ነገር ነው። የሽሮውን ምጥን አብራ ብትቀምስና ብትተች ሌላ ነው። የወፍጮው ባለድርሻ ሆና ብትፈርም ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ይጀምራል። ገንዘብ የሚጨበጥ ነገር ስለሆነ ችግሩን ቶሎ የሚፈታ ይመስላል። አነስተኛ የምግብ ንግዶችን ሳማክር ደጋግሜ ያየሁት ግን በዚያ በር የገባ ሽርክና ብዙም ሳይቆይ ኩርፊያ ሲሆን ነው። ገንዘብ ያዋጣው ሰው ምን የመወሰን መብት እንዳለው ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ሁሉንም መወሰን ይፈልጋል፤ ካልሆነም ገንዘቡን መልሱልኝ ይላል።

እስቲ እርስዎ የሚሸጡት ምን እንደሆነ እንይ። በርበሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንበኛዎ መርካቶ ወርዳ ዛላውን ገዝታ ታስፈጭ ነበር። ወደ እርስዎ የምትመጣው ጊዜ ስለሌላት ነው፤ ደግሞም ስለምታምንዎት። የባልትና ገበያ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኘ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ተቀላቀለ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። አንድ ኪሎ በርበሬ ሲሸጡ አብሮ የሚሸጠው የእርስዎ ቃል ነው። ሸሪክ ሊሆኑ የሚፈልጉት ደንበኞችዎም ከትርፉ ይልቅ ይህንን ንጹሕ ነገር እንዳያጡት የሰጉ ይመስለኛል። ይህ ስጋት ለእርስዎ ትልቅ ሀብት ነው።

ገዢዎች ባለቤት ከሆኑባቸው ሱቆች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰውም የተነሣው ከተመሳሳይ ስጋት ነው። እንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የሽመና ከተማ 28 ሰዎች ተሰባሰቡ። ከመካከላቸው ሸማኔዎች ነበሩ። ከሳምንት ደመወዛቸው ጥቂት ሳንቲም እየቀነሱ 28 ፓውንድ አጠራቀሙ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1844 ሱቃቸውን ከፈቱ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ቅቤ፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የአገሩ ነጋዴ ዱቄት ላይ ጠመኔ መቀላቀሉ የተለመደ ነበር። እነዚህ ሰዎች ንጹሕ ዕቃ፣ ሙሉ ሚዛን አሉ። ሽያጩ በእጅ በእጅ ይሁን፣ ዱቤ የለም አሉ። እያንዳንዱ አባል ያዋጣው ብዙም ይሁን ጥቂት አንድ ድምፅ ይኑረው አሉ። ትርፉ ደግሞ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ በገዛው ልክ እንዲሆን ወሰኑ። ብዙ የገዛ ብዙ ያገኛል። ስለ ዱቤና ስለ ትርፍ ክፍፍል የወጡት ሁለቱ ደንቦች ዛሬም ለእርስዎ ይሠራሉ። ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

የእኛ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ዘይትና ስኳር ተሰልፎ የሚገዛባቸው ሱቆች አድርጎ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ግን አባሉ ባለቤት ነው፤ ድምፅ አለው፤ ከትርፉም ድርሻ አለው። ነገር ግን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ የማያውቅ አባል ሞልቷል። ዕጣ መግዛት ብቻውን ሰውን ተሳታፊ አያደርገውም። ለዚህ ነው ከገንዘቡ በፊት ሌላው ይቅደም የምለው።

መጀመሪያ ዓይናቸውን ያስገቡ። ለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ያለው ወቅት ምቹ ነው፤ አዲሱ ዛላ ገበያ የሚገባበት። አምስት ስድስት ደንበኞች ጠርተው ጆንያው ሲፈታ ያሳዩዋቸው። ከማረቆ የመጣ ነው? ከአላባ ነው? ከቡሬ ነው? ይንገሯቸው። ዛላውን ጨብጠው ይዩት። በደንብ የደረቀው እጅ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፣ ፍሬውም ውስጡ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። እርጥበት ያለው ይለመጣል። ክብደት እንዲያነሣ ውኃ የተርከፈከፈበት ዛላ ገበያው ውስጥ እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ፤ እነሱ ላያውቁ ይችላሉ። እርጥበት ይዞ የተከማቸ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ደግሞ ወጥ ስለበሰለ አይጠፋም። ይህን በእጇ ዳስሳ ያየች ደንበኛ ዋጋዎ ከጎረቤቱ ለምን ከፍ እንደሚል ሌላ ማብራሪያ አትፈልግም። ራሷ ለሌሎች ታስረዳልዎታለች።

ከዚያ በፊት ግን ሠራተኞችዎን ያነጋግሩ። በርበሬ የሚቀነጥሱት፣ የሚደልዙት፣ ሽሮ የሚቆሉት ሴቶች ድንገት እንግዳ ቆሞ ሲያያቸው እንደ ተቆጣጣሪ ያዩታል። ጥፋት የተገኘባቸው ይመስላቸዋል። ቀኑን ቀድመው ይንገሯቸው። ከተቻለ ማብራሪያውን ከእነሱ አንዷ ትስጥ። አሻሮ እንዴት እንደሚታመስ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ደንበኛም እንደ ባለሙያ ስትሰማት ለሁለቱም ክብር ነው።

ሁሉንም ነገር ይክፈቱ አላልኩም። የምጥንዎ ልክ፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ዛላ ስንት ኮረሪማ፣ ስንት ጥቁር አዝሙድ፣ ስንት በሶብላ እንደሚገባ፣ የእርስዎ ነው። የሠራተኛ ደመወዝም የሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። አንዱ ደንበኛ ስንት እንደሚገዛ ለሌላው አይነገርም። ሳይጠየቁ ቀድመው ይህን ይህን አሳያለሁ፣ ይህን አላሳይም ይበሉ። ቀድሞ የተነገረ ገደብ ማንንም አያስቀይምም። ሲጠየቁ የሚፈጠር ሰበብ ግን ያስጠረጥራል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ደንበኛ ይዞ የሚመጣው ትልቁ መዋጮ ዕውቀት ነው። ደንበኛው ራሱ ግን ዕውቀት መሆኑን አያውቀውም። ኤሪክ ቮን ሂፔል የሚባሉ አሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማሩ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት አንድ ነገር አሳይተዋል። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ችግሩ ከሌላው ቀድሞ ይደርስባቸዋል። መፍትሔ ከገበያ ስለማያገኙ የገዙትን ዕቃ ራሳቸው ይቀይሩታል፣ ይቀጥሉታል፣ ያሻሽሉታል። አምራቹ እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ካገኘ ነገ ሁሉም ሰው የሚፈልገውን ዛሬ ያየዋል።

በባልትና ሥራ ይህ ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። የአንዲት የማውቃት ነጋዴ ደንበኛ በየጊዜው አምስት ኪሎ በርበሬ በአንድ ጊዜ ትገዛለች። ነጋዴዋ ለምን እንደሆነ ጠይቃት አታውቅም። አንድ ቀን ዕቃውን ራሷ ልታደርስ ሄዳ አብረን ገባን። ሴትየዋ ሳሎን ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፋለች። በርበሬውን በአንድ በአንድ ኪሎ ትከፋፍላለች፤ እያንዳንዱን በሁለት ፌስታል ትጠቀልላለች፤ ከዚያ በፕላስተር ታሽጋለች። ሽታው ሻንጣ ውስጥ ልብስ ላይ እንዳያልፍ ነው። ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፋ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ትጽፍበታለች። ዲሲ ያለችው እህቷ ዘንድ ሰው ሲሄድ ትልካለች፤ አየር ማረፊያ ሲጠየቅ መልስ እንዲኖረው ነው። ነጋዴዋ ቆማ አየቻት። ብዙም ሳትቆይ አየር መጥጦ የሚያሽግ ማሽን ገዛች፤ ባለአንድ ኪሎ እሽግ፣ ስሙ በሁለት ቋንቋ የተጻፈበት፣ የተፈጨበት ቀን ያለበት። ያንን እሽግ ያረቀቀችው ወለል ላይ ተቀምጣ የነበረችው ደንበኛ ናት። በአስተያየት መስጫ ወረቀት ላይ ግን በፍጹም አትጽፈውም ነበር።

ስለዚህ የእርስዎን በርበሬ ወይም ሽሮ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የሚቀይረውን ሰው ይፈልጉ። ሽሮውን እንደገና በወንፊት የምትነፋ ትኖራለች። በርበሬ ከእርስዎም ከሌላም ገዝቶ የሚቀላቅል የምግብ ቤት ባለቤት ይኖራል፤ አንዱን ለቀለሙ፣ ሌላውን ለማቃጠሉ። ጨጓራ ላለበት አባቷ ሚጥሚጣውን የምታለዝብ ትኖራለች። እነዚህ ናቸው የመጀመሪያ ሸሪኮችዎ። በቴሌግራሙ ላይ ብዙ የሚጽፉት ናቸው ብለው አይገምቱ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው የሚገዙት ናቸው።

እንዴት ያገኟቸዋል? እዚህ ላይ የእኛ አገር ጠባይ ይገባል። ይሉኝታ አለ። ሽሮው እንዴት ነበር ብለው ቢጠይቁ መልሱ «በጣም ቆንጆ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ነው። ከዚህ መልስ ምንም አይማሩም። ጥያቄውን ይቀይሩት። በመጨረሻ የገዙትን ምን ምን ሠሩበት? ስንት ጊዜ ቆየ? ምን ጨመሩበት? ማን ቀመሰው፣ ምን አለ? ሰው የእርስዎን ሥራ መንቀፍ ያፍራል እንጂ ራሱ ያደረገውን መናገር አያፍርም። ጨው በዛ የሚለውን አትነግርዎትም። «እኔ እንኳ ትንሽ ያልተቀመመ ሽሮ እጨምርበታለሁ» ትልዎታለች። ያው ነው።

ከዚያ ቅምሻ ያዘጋጁ። የጾም ቀን ይምረጡ፤ ሽሮ ያለቅቤ ሲሠራ ነው ጉድለቱ የሚታወቀው። ሦስት ዓይነት ሽሮ በአንድ ዓይነት ሽንኩርትና ዘይት፣ በአንድ ዓይነት ድስት ይሠራ። ሳህኖቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይኑር። እንጀራው ከአንድ ቦታ ይሁን። እርስዎ ወጥ ቤት ይቆዩ፤ ፊትዎን እያዩ እውነቱን አይናገሩም። ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። ከመወያየታቸው በፊት እያንዳንዱ ምርጫውን በወረቀት ይጻፍ። በእኛ ዘንድ አንድ ታላቅ ሰው መጀመሪያ ከተናገሩ በኋላ ወጣቷ «አይ፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የወደድኩት» አትልም። ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ይቀጥል። በቡናው ላይ የሚነገረው ከወረቀቱ ሲለይ ልዩነቱን ልብ ይበሉ።

ማንን ይጥሩ? ስምንት ወይም አሥር ሰው ይበቃል። ዘመድ አይሁን። አንድ ጎበዝ ወጥ ሠሪ እናት፣ አንድ የምግብ ቤት ሰው፣ አንዲት ገና ቤት የመሠረተች ወጣት፣ አንድ ወደ ውጭ የሚልክ። ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ ተቆጥታ ዕቃ የመለሰች ሴት። የመለሰችው እርስዎ እንደሚሰሟት አምና ነው። ያላመነችው ዝም ብላ ሌላ ቤት ሄዳለች።

እንግዲህ ዓይናቸው ገባ፣ ዕውቀታቸው ገባ። ቀጥሎ ያለው ድምፃቸው ነው። ሸሪክነት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ሐሳብ ሰብስቦ የፈለጉትን ማድረግ ምክር መጠየቅ ነው፤ ደግሞም ነውር የለበትም። ሸሪክ ካሏቸው ግን ቢያንስ አንድ ውሳኔ በእጃቸው መሆን አለበት። ትንሽ ይሁን፣ ግን እውነተኛ። ለምሳሌ፦ «በየዓመቱ አንድ አዲስ ምርት እናወጣለን፤ ካቀረብኳቸው ሦስት ናሙናዎች የትኛው እንደሚወጣ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።» ሦስቱንም እርስዎ አዘጋጅተዋል፤ የትኛውም ቢመረጥ አይከስሩም። ከመረጡ በኋላ ግን እርስዎ የወደዱት ሌላ ቢሆንም ቃልዎን አያጥፉ። የግዢ ዋጋ፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ የምጥን ልክ ግን የእርስዎ ውሳኔ ሆኖ ይቀጥላል።

ይህን ድንበር አጥርቶ በማስመር የሚደነቀው የዴንማርኩ የመጫወቻ ፋብሪካ ሌጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማይንድስቶርምስ የሚባል ሮቦት መሥሪያ ሲያወጣ ተጠቃሚዎች የውስጥ ፕሮግራሙን ፈልቅቀው ማሻሻል ጀመሩ። ኩባንያው በሕግ ለመጠየቅ አሰበ። በኋላ ግን ፈቀደላቸው። ቀጣዩን ሞዴል ሲያዘጋጅም ከእነዚሁ ተጠቃሚዎች ጥቂቶቹን ጠርቶ አብረውት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ዛሬ ደግሞ ማንኛውም ሰው የመጫወቻ ንድፍ ማቅረብ የሚችልበት አሠራር አለው። 10,000 ደጋፊ ያገኘ ንድፍ በኩባንያው ይገመገማል። ይገመገማል እንጂ ይመረታል አላሉም፤ የመጨረሻው ውሳኔ የኩባንያው ነው። ከተመረተ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ከተጣራ ሽያጩ 1 በመቶ ያገኛል። ያልተመረጠው እንኳ ሕጉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ተታለልኩ አይልም።

የእርስዎ ሥራ 10,000 ደጋፊ አይፈልግም። ሦስት ነገሮች ግን ያስፈልጉታል፦ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ማን እንደሚወስን፣ ያቀረበው ሰው ምን እንደሚያገኝ። ለእያንዳንዱ ሐሳብ መልስ ይስጡ። «ተቀብለነዋል፣ ከፋሲካ በኋላ እንጀምራለን» ወይም «አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱም የሽሮው የመቆያ ጊዜ ያጥራል»። ሰውን የሚያርቀው እምቢ መባል አይደለም፤ ዝም መባል ነው። አንድ ሰው ያመጣው ሐሳብ ገንዘብ ካስገኘልዎት ደግሞ ይክፈሉ። የመጀመሪያ ወራት ሽያጭ ላይ ትንሽ በመቶ፣ ወይም ለዓመት የሚሆን በርበሬ። በ«እጅሽ ይባረክ» ብቻ አይለፉት።

አሁን ስለ ገንዘብ። ከድርሻ መሸጥ በፊት ሁለት መንገዶች አሉ። ብዙ ሰው ይዘላቸዋል።

አንደኛው ቅድመ ክፍያ ነው። በርበሬ በአዝመራ ሰዓት ይረክሳል፣ ወደ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ ይወደዳል። እርስዎ በርካሹ ጊዜ በብዛት ለመግዛት የሥራ ማስኬጃ ያጥርዎታል። ደንበኞችዎ ደግሞ የዓመት በርበሬያቸውን መግዛታቸው አይቀርም። ስለዚህ እነሱ በኅዳር ይክፈሉ፣ በጥር ይረከቡ። ዋጋው አሁን ይቆረጥ፤ ከጥር ወር ገበያ ትንሽ ዝቅ ይበል። በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ስንት ኪሎ፣ በምን ዋጋ፣ በየትኛው ቀን፣ ካልደረሰስ ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። ይህ ሽያጭ ነው። ማንም የንግዱ ባለቤት አልሆነም። ነገር ግን ደንበኛዋ ከእርስዎ ጋር አዝመራው ላይ ተወራርዳለች፤ የዝናቡን ወሬ እንደ እርስዎ መከታተል ትጀምራለች። አደራ የምለው ግን ያ ገንዘብ ለሌላ እንዳይነካ ነው። ለብቻው ባንክ ደብተር ይኑረው። የኪራይ ቀን ሲደርስ ትንሽ ልበደር የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ሲመጣ ይለፉት።

ሁለተኛው የሮችዴሎቹ መንገድ ነው፤ በገዙት ልክ መመለስ። በቁጥር ላሳይዎት። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ከግብር በኋላ 200,000 ብር አተረፉ እንበል። ከዚያ ውስጥ 50,000 ብር ለተመዘገቡ ደንበኞች ይመለስ ብለው ወሰኑ። እነዚህ ደንበኞች በጠቅላላ በዓመቱ የገዙት 1,000,000 ብር ነው። ለያንዳንዱ 100 ብር ግዢ 5 ብር ይደርሳል ማለት ነው። በዓመት 12,000 ብር የገዛችው 600 ብር ታገኛለች። በዕቃ ቢወስዱት ለእርስዎ ይቀላል። ይህ ከተራ ቅናሽ ይለያል። ቅናሽ ንግዱ ቢያተርፍም ባያተርፍም ይሰጣል። ይሄኛው ግን የሚመጣው ትርፍ ካለ ብቻ ስለሆነ ሁሉም የንግዱን ጤና ይከታተላል። ትርፍ በሌለበት ዓመት በግልጽ «ዘንድሮ የለም፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ማለት ይኖርብዎታል። አሠራሩ የሚቆመው ያን ማለት ከቻሉ ነው። በሒሳብ አያያዝና በግብር በኩል እንዴት እንደሚመዘገብ ሒሳብ ሠራተኛዎን ቀድመው ያማክሩ።

ዱቤን በተመለከተ አሮጌዎቹ ሸማኔዎች ትክክል ነበሩ። ደንበኛ ሸሪክ ሲባል መጀመሪያ የሚላላው የእጅ በእጅ ክፍያ ነው። «እኔም እኮ የቤቱ ሰው ነኝ፣ ወር ሲደርስ እሰጥሻለሁ።» ሁለት ወር ያልከፈለ ሰው መጥቶ ሽሮው አልጣመኝም ለማለት ያፍራል። ከማፈሩ የተነሣ መምጣት ያቆማል። ብሩንም ሸሪኩንም ያጣሉ። ለሸሪኮችዎ ዱቤ እንደሌለ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይነገር። ለማንም የለም ከተባለ ማንም አይከፋውም።

አሁን ወደ ወፍጮው እንምጣ። በመጀመሪያ ወፍጮው ያስፈልጋል ወይ? በሳምንት ስንት ቀን ያስፈጫሉ? ሁለት ቀን ከሆነ ቀሪውን ቀን ማሽኑ ቆሞ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ፤ አለዚያ ለሰው መፍጨት ይጀምራሉ። ያ ደግሞ ሌላ ንግድ ነው፤ ሌላ ሠራተኛ፣ ሌላ ሰልፍ። በርበሬ የፈጨ ወፍጮ ላይ በሶ እንደማይፈጭ እርስዎ ያውቁታል፤ ስለዚህ አንድ ማሽን አይበቃም። ስሪ ፌዝ የሚባለውን ከፍ ያለ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመርም ይጠይቃል። ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጋር ተስማምተው በተወሰነ ሰዓት ጠርገው ለእርስዎ ብቻ እንዲፈጩ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የደንበኞችዎ ጉጉት እውነተኛ ነው። ግን ጉጉት የማሽኑን ባዶ ቀን አይሞላም።

ቆጥረው ያዋጣል ካሉ ደግሞ ሕጉን ይወቁ። በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት እስከ 50 አባላት ሊኖሩት ይችላል። አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ያህል ነው። ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ ግን አይችልም። በኅብረት ሽርክና ማኅበር ደግሞ እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ይጠየቃል። ይህንን የማታውቅ ደንበኛዎ ቤቷን አደጋ ላይ እየጣለች ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ላይ «ድርሻ የምትፈልጉ ገንዘብ አስገቡ» ብለው አይለጥፉ። ለሕዝብ ድርሻ ማቅረብ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የሚገዛ ነገር ነው፤ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ምዝገባ ይጠይቃል። ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስበው ሥራ ሳይጀምሩ የቀሩ አክሲዮን ማኅበራት በአገራችን ስንቱን ሰው እንዳስለቀሱ የሚታወቅ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ደንበኛ ካለበት፣ በተለይ ዜግነት የቀየረ፣ ሌሎች ሕጎችም ስለሚነኩት ከጠበቃ ጋር ይነጋገሩ።

እኔ የምመክረው መዋቅር አንድ ነው። ባልትናውንና ወፍጮውን ይለያዩዋቸው። ስሙ፣ ምጥኑ፣ ደንበኛው የእርስዎ ሆኖ ይቀጥል። ወፍጮው ለብቻው የግል ማኅበር ይሁን፤ ጥቂት ደንበኞችና እርስዎ አባል ሁኑ። ባልትናው ለወፍጮው እንደማንኛውም ሰው የማስፈጫ ይክፈል፤ ዋጋውም በጽሑፍ ይሁን። ወፍጮው ቢከስር ባልትናው አይወድቅም። ከሸሪኮቹ አንዷ ብትከፋ የምትከራከረው ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ እናትዎ የሽሮ አሠራር አይደለም። ባለቤትዎንም ይህ የሚያሳርፋቸው ይመስለኛል፤ የፈሩለት ጓዳ እንደተዘጋ ነው።

ለዚህም ቢሆን አንድ የበርበሬ ወቅት ይለፍ። ዛላውን አብረው ያዩ፣ የቀመሱ፣ ቅድመ ክፍያ ከፍለው ጠብቀው የተረከቡ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ያን ጊዜ ያውቃሉ። ሲዘገይ የጮኸው ማን እንደሆነ፣ ደውሎ «ምን ላግዝ» ያለው ማን እንደሆነም እንዲሁ። ከእነዚህ ውስጥ ይምረጡ። መመሥረቻ ጽሑፉ ሲረቀቅ ደግሞ ሁለት ነገሮች በግልጽ ይጻፉ። አንደኛው፣ አንድ አባል መውጣት ቢፈልግ ወይም ቢሞት ድርሻው በምን ስሌት እንደሚገመትና መጀመሪያ የመግዛት መብት የማን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ተጨማሪ ገንዘብ ቢያስፈልግ ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ማዋጣት ያልቻለው ምን እንደሚሆን ነው። ወፍጮ መበላሸቱ አይቀርም፤ ይህ አንቀጽ ሳይኖር አይፈርሙ።